በሽምደዳ የማይታለፍ ፈተና፦ ለኤፒ ሳይኮሎጂ እንዴት እንዘጋጅ?

አሜሪካ ውስጥ ሃይስኩል የደረሰ ልጅ ያለው ሰው «ኤፒ» (አድቫንስድ ፕሌስመንት) የሚባለውን ነገር ሳይሰማ አይቀርም። ተማሪው ገና ሃይስኩል እያለ በኮሌጅ ደረጃ የተዘጋጀ ትምህርት ይወስዳል፤ በሜይ ወር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኮሌጅ ቦርድ የሚያወጣውን ፈተና ይቀመጣል፤ ጁላይ ላይ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ውጤቱ ይነገረዋል። 3 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ብዙ ኮሌጅ ክሬዲት ይሰጠዋል። 4 ወይም 5 ካልሆነ የማይቀበል ኮሌጅም አለ፣ ጭራሽ የማይቀበልም አለ። ስለዚህ ልጁ የሚያመለክትባቸውን ኮሌጆች ደንብ አስቀድሞ ማየት ይሻላል።

ከኤፒዎቹ መካከል ሳይኮሎጂ «ቀላሉ» የሚል ስም ወጥቶለታል። ካልኩለስ የለው፣ ቤተ ሙከራ የለው፤ ቃላቱን ሸምድዶ የገባ ያልፋል ይባላል። በድሮው ፈተና ይህ አባባል ከእውነት ብዙም አይርቅም ነበር። ትምህርቱ በ2024 መኸር ተከልሶ ከሜይ 2025 ጀምሮ ፈተናው ሲቀየር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አሁን የሚፈተነው ተማሪው አንድ ጥናት አንብቦ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደተገኘ፣ ግኝቱ የት ድረስ እንደሚሄድ በአንድ ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር መናገር መቻሉ ነው። ቃላቱን ማወቅ መግቢያው እንጂ ፈተናው አይደለም።

ፈተናው በቁጥር

የመጀመሪያው ክፍል 75 የምርጫ ጥያቄ በ90 ደቂቃ ነው። ለአንድ ጥያቄ 72 ሰከንድ ይደርሰዋል። አማራጮቹ አራት ናቸው፤ ክፍሉ ከጠቅላላው ውጤት ሁለት ሦስተኛውን ይይዛል። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ ባዶ ጥሎ መውጣት ማለት ነጥብን በፈቃድ መተው ነው።

ሁለተኛው ክፍል በ70 ደቂቃ የሚጻፉ ሁለት ጥያቄዎች አሉት። አንደኛው የጥናት ትንተና ነው፤ ተማሪዎች «ኤኤኪው» ይሉታል። የአንድ ጥናት አጭር ዘገባ ይሰጣል፣ ስድስት ነገር ይጠየቃል። 10 ደቂቃ ለንባብ፣ 15 ደቂቃ ለጽሑፍ ታስቦለታል። ሌላው «ኢቢኪው» ነው፦ በአንድ ርዕስ ላይ የሦስት ጥናቶች ዘገባ ይቀርባል፣ ተፈታኙ አቋም ይዞ በማስረጃ ይሟገታል። ለዚህ 15 ደቂቃ ንባብ፣ 30 ደቂቃ ጽሑፍ ተመድቧል። ሁለቱም የሚታረሙት ከ7 ነጥብ ነው።

ሂሳቡን አንድ ጊዜ ማስላት ዓይን ይከፍታል። አንድ የምርጫ ጥያቄ ከጠቅላላው 0.9 በመቶ ገደማ ያወጣል። ከጽሑፉ የሚገኝ አንድ ነጥብ ደግሞ 2.4 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ነጥብ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዋጋው ግን ከሁለት ተኩል የምርጫ ጥያቄ ይበልጣል። ክረምቱንና ጸደዩን በሙሉ ፍላሽ ካርድ ሲገለብጥ ኖሮ አንድም ኤኤኪው ሳይጽፍ ወደ ፈተና የሚገባ ተማሪ ድካሙን ያፈሰሰው በርካሹ ላይ ነው።

ይዘቱ አምስት ምዕራፍ ነው፦ አንጎልና ነርቭ፣ እንቅልፍና የስሜት ሕዋሳት ያሉበት የባህርይ ሥነ ሕይወታዊ መሠረት፤ ትውስታና አስተሳሰብ፤ ዕድገትና መማር፤ ማኅበራዊ ሳይኮሎጂና ሰብዕና፤ የአእምሮና የአካል ጤና። እያንዳንዱ ከምርጫ ጥያቄው ከ15 እስከ 25 በመቶ ይወስዳል። ስለዚህ «ይሄን ምዕራፍ ልዝለለው» የሚባል ነገር የለም። የምርምር ዘዴ ለብቻው ምዕራፍ አልተሰጠውም፤ በአምስቱም ውስጥ እንደ ጨው ተበትኗል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚወድቅበት ወጥመድ አለ፦ አሮጌ መጽሐፍ። ከታላቅ ወንድም የተረፈ ወይም በርካሽ የተገዛ መዘጋጃ ዘጠኝ ምዕራፍ ካለው፣ 100 ጥያቄ በ70 ደቂቃ የሚል ከሆነ፣ አማራጮቹም እስከ «ኢ» የሚደርሱ ከሆነ ያለፈው ፈተና መጽሐፍ ነው። ሥዕልና ማብራሪያውን መጠቀም ይቻላል። የጽሑፍ ጥያቄዎቹ ግን ዛሬ የሉም፤ ከይዘቱም የተቀነሰ ብዙ ነው፣ በተለይ የሰው ስም መዘርዘር። ልምምዱ ከኮሌጅ ቦርድ ድረ ገጽ፣ ከ2025 ወዲህ ከወጡት ጥያቄዎችና ከማረሚያ መመሪያቸው ቢሆን ነው የሚያዋጣው። ከመመሪያው ጋር የተማሪዎች የናሙና መልሶች ከተሰጣቸው ነጥብ ጋር ተያይዘው ይወጣሉ። ሌላ ምንም ለማንበብ ጊዜ ያጣ እንኳ እነሱን ማንበብ አለበት።

አማርኛ የሚያሳስትበትና የሚረዳበት

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ግን በቤት አማርኛ የሚናገር ልጅ ቃላቱን በልቡ ወደ አማርኛ ሲመልስ የሚሳሳትባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ የሚያሳዝነው እነዚሁ ቦታዎች ብዙ ነጥብ የሚሰጥባቸው መሆናቸው ነው።

አንደኛው «ራንደም» ነው። በአማርኛ «በዘፈቀደ» እንለዋለን፤ በዘፈቀደ ደግሞ «እንደመጣልኝ፣ ያገኘሁትን» ማለት ነው። በምርምር ራንደም ማለት ተቃራኒው ነው፤ ለአጋጣሚ የሚተው ነገር ሆን ተብሎ፣ በሥርዓት የሚደረግበት አሠራር። ትክክለኛው አማርኛ «በዕጣ» ነው። ዕቁብ ሲወጣ አስቡት፦ የሁሉም ስም በእኩል ወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ተደባልቆ ይወጣል፤ ማንም ከማንም የበለጠ ዕድል የለውም። ራንደም ይህ ነው። አንድ ተመራማሪ ካፌ በር ላይ ቆሞ የገባውን ሁሉ ቢጠይቅ በዘፈቀደ መረጠ እንጂ በዕጣ አልመረጠም።

ከዚያ ደግሞ ዕጣው ሁለት ጊዜ የሚወጣ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። «ራንደም ሳምፕሊንግ» ከብዙ ሕዝብ መካከል ማን ወደ ጥናቱ እንደሚገባ በዕጣ መምረጥ ነው፤ ግኝቱን ወደ ሌላው ሕዝብ ለማስፋት የሚያስችለው ይህ ነው። «ራንደም አሳይንመንት» የገቡትን ሰዎች በየቡድኑ በዕጣ መመደብ ነው፤ ቡድኖቹ ከመጀመሪያው ተመጣጣኝ ስለሚሆኑ «ይህ ያንን አመጣ» ለማለት የሚያስችለው ይህኛው ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ በምርጫውም በጽሑፉም ይከፍላል። አንድ ጥናት አንደኛውን ይዞ ሌላኛውን ሊያጣ ይችላል፤ አብዛኛው ጥናት እንዲያውም እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው «ኮሪሌሽን» ነው፤ ሁለት ነገሮች አብረው መለዋወጣቸው ማለት ነው፣ አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት ግን አይደለም። ሐምሌ ላይ አዲስ አበባ ጃንጥላ የያዘ ሰው በበዛ ቁጥር ጭቃውም ይበዛል። ጃንጥላ ጭቃ አያመጣም፤ ሁለቱንም ያመጣው ዝናቡ ነው። ይህ ዝናብ «ሦስተኛ ተለዋዋጭ» ይባላል። የኮሪሌሽን ቁጥሩ ከ-1 እስከ +1 ይሄዳል። ምልክቱ አቅጣጫውን ነው የሚናገረው፣ ጥንካሬውን አይደለም፤ -0.8 ከ+0.5 ይበልጥ ጠንካራ ግንኙነት ነው። ይህ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚጠየቅ ነገር ነው።

ሦስተኛው «ፖዘቲቭ» እና «ኔጋቲቭ» ነው። ሰው ሁሉ ኔጋቲቭ ሲባል መጥፎ ነገር ይመጣበታል፤ ስለዚህ «ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት»ን ቅጣት ነው ብሎ ይመልሳል። ስህተት ነው። እዚህ ቦታ ፖዘቲቭ ማለት መደመር፣ ኔጋቲቭ ማለት መቀነስ ብቻ ነው። ሪኢንፎርስመንት ድርጊቱ እንዲደጋገም ያደርጋል፤ ቅጣት እንዲቀንስ ያደርጋል። ጥያቄው ሲመጣ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል ጠይቁ፦ የማን ድርጊት ነው? ድርጊቱ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የተጨመረ ነገር አለ ወይስ የተወገደ?

ሕፃን ልጅ ሱቅ ውስጥ አለቀሰ፤ እናቱ ስልኳን ሰጠችው፤ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ሱቅ በገቡ ቁጥር ያለቅሳል፣ እሷም ትሰጠዋለች። ከልጁ በኩል፦ ድርጊቱ ማልቀስ ነው፣ ጨመረ፣ ስልክ ተሰጠው፤ ፖዘቲቭ ሪኢንፎርስመንት። ከእናትየው በኩል፦ ድርጊቱ ስልክ መስጠት ነው፣ ጨመረ፣ ለቅሶው ተወገደላት፤ ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት። አንዱ ክስተት፣ ሁለት መልስ። «የማን ድርጊት?» የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ ያላደረገ እዚህ ላይ ይወድቃል።

አራተኛ፣ «ጭንቀት» የሚለው ቃላችን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ፈተናው «ስትረስ» እና «አንግዛይቲ»ን ለይቶ ነው የሚጠይቀው። ስትረስ ሰው የገጠመውን ጫና ሲገመግምና ሰውነቱ ሲመልስ የሚሆነው ነው፤ ሁልጊዜም ጎጂ አይደለም። ሰውነት ለተራዘመ ስትረስ የሚሰጠው ምላሽ ማንቂያ፣ መቋቋም፣ መዛል ተብሎ በሦስት ደረጃ ይታያል። የአንግዛይቲ ሕመሞች ግን በምርመራ መስፈርት የሚለዩ ናቸው፤ ፍርሃቱ ከሁኔታው ጋር የማይመጣጠን፣ የማይለቅና ኑሮን የሚያውክ ሲሆን ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ የሚያግዝበት መንገድ አለ። በትውስታ ክፍል «ፕሮአክቲቭ» እና «ሬትሮአክቲቭ ኢንተርፌረንስ» የማያደናግሩት ተማሪ የለም። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ለሳምንታት ያለፈውን ዓመተ ምሕረት እየጻፍን የምንሰርዘው አሮጌው አዲሱን ስለሚያደናቅፍ ነው፤ ፕሮአክቲቭ። አሜሪካ አሥር ዓመት የቆየ ሰው «ማሰሮ» የሚለው ቃል ጠፍቶበት «ፖት» ብቻ ሲመጣለት ደግሞ አዲሱ አሮጌውን ጋርዶበት ነው፤ ሬትሮአክቲቭ። እንዲህ ያለ የራስ ምሳሌ ከመጽሐፍ ምሳሌ ይልቅ ይጸናል። ሳይኮሎጂው ራሱ «ሰልፍ ሪፈረንስ» ብሎ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ኤኤኪውን በቅርብ ስናየው

ለልምምድ ብቻ የፈጠርነው አንድ ጥናት ይኸውና። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ 80 ተማሪዎች ተሳተፉ፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 22 ነው፣ 52ቱ ሴቶች ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት የፈቃደኝነት ቅጽ ፈረሙ። ኮምፒውተር በዕጣ በሁለት ቡድን መደባቸው። የአንዱ ቡድን አባላት ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ደፍተው አስቀመጡ፤ የሌላው ቡድን ሌላ ክፍል ትተውት ገቡ። ሁሉም ተመሳሳይ ጽሑፍ ለ30 ደቂቃ አነበቡ፣ ከዚያ 20 ጥያቄ መለሱ። ስልኩ ሌላ ክፍል የነበረው ቡድን አማካይ ውጤት 14.2፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚያሳየው ቁጥር) 2.1 ሆነ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ የነበረው 11.6፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 4.0። ልዩነቱ ስታቲስቲካዊ ጉልህነት ነበረው፤ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የምርምር ዘዴው ነው። መልሱ «ኤክስፐሪመንት» ነው። ብዙ ልጆች ጥያቄ መመለስ የሚል ስላዩ «ሰርቬይ» ብለው ይጽፋሉ። መጠይቅ መለኪያ ሊሆን ይችላል፤ ዘዴውን የሚወስነው ግን ተመራማሪው አንድ ነገር ራሱ መቀያየሩና ሰዎችን በዕጣ መመደቡ ነው።

ቀጥሎ የአንድ ተለዋዋጭ «ኦፐሬሽናል ዴፊኒሽን» ይጠየቃል፤ በዚህ ጥናት ውስጥ ነገሩ በምን ተለካ? ማለት ነው። «ትውስታ ማለት መረጃን የመያዝ ችሎታ ነው» ብሎ የጻፈ ዜሮ ያገኛል። ያ የመዝገበ ቃላት ትርጉም ነው። «ትውስታ የተለካው ከ30 ደቂቃ ንባብ በኋላ ከ20 ጥያቄ ስንቱን በትክክል እንደመለሱ በመቁጠር ነው» ያለ ነጥቡን ይወስዳል። ልዩነቱ ይህችው ናት፦ ሌላ ሰው መልሳችሁን ብቻ ይዞ ሄዶ መለካት መቻል አለበት።

ሦስተኛው የቁጥር ትርጓሜ ነው። ስለ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ተጠየቀ እንበል። «4.0 ከ2.1 ይበልጣል» ማለት ቁጥር ማንበብ እንጂ መተርጎም አይደለም። «ስልክ ጠረጴዛ ላይ የነበራቸው ተማሪዎች ውጤት ይበልጥ የተበታተነ ነበር፤ አንዳንዱ ብዙም አልተነካም፣ አንዳንዱ ግን በጣም ዝቅ አለ፤ ስልኩ የሌለበት ቡድን ውጤት ወደ አማካዩ የተሰበሰበ ነው» ሲባል ነው ትርጓሜ የሚሆነው። ስሌት የሚጠይቅ ነገር እምብዛም ነው፤ አማካይ፣ ሚዲያን፣ ፐርሰንታይል፣ የደወል ቅርጹ 68፣ 95 እና 99.7 በመቶ (ከአማካዩ በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ርቀት ውስጥ የሚውለው) ይበቃሉ። ለምሳሌ የአይኪው አማካይ 100፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 15 ስለሆነ 68 በመቶ ያህሉ ሰው ከ85 እስከ 115 ይውላል።

አራተኛው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ምን አደረጉ? እዚህ ላይ ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ልጁ ያወቃቸውን መርሆዎች ሁሉ ይዘረዝራል፦ ምስጢር መጠበቅ፣ ከጉዳት መከላከል፣ በመጨረሻ ማስረዳት። ዘገባው ውስጥ ያለው ግን የፈቃደኝነት ቅጹ ብቻ ነው። የሌለ ነገር ያለ ማስመሰል ነጥብ ያሳጣል፤ ያለውን አንዱን ከዘገባው ጠቅሶ መጻፍ ይበቃል።

አምስተኛው፣ ግኝቱ ለማን ይሠራል? የሚለው ነው። «ተሳታፊዎቹ ጥቂት ስለሆኑ አይሠራም» የሚለው የለመደ መልስ ደካማ ነው። እነማን እንደሆኑ ተናገሩ፦ «ሁሉም ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ፣ ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉ ስለሆኑ ግኝቱን በሥራ ላይ ላሉ ጎልማሶች ወይም ለአረጋውያን ማስፋት አይቻልም።» ወገንተኛ መሆን አያስፈልግም፤ ይሠራልም አይሠራምም ብሎ መጻፍ ይቻላል፣ ማስረጃው ከተሳታፊዎቹ ማንነት እስከመጣ ድረስ።

የመጨረሻው ሁለት ነጥብ አለው፤ ግኝቱን ከአንድ የሳይኮሎጂ ፅንሰ ሐሳብ ጋር ማገናኘት። አንዱ ነጥብ ለግኝቱ ነው፣ ሌላው ለማብራሪያው። «ስልኩ ሌላ ክፍል የነበረው ቡድን በአማካይ 14.2፣ ጠረጴዛ ላይ የነበረው 11.6 አመጣ። የሥራ ትውስታ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ውስን ነው፤ ስልኩ ዓይን ውስጥ ሲሆን ትኩረት ከዚያው ውስን ዕቃ ይቀነሳል፣ ለንባቡ የሚተርፈው ያንሳል።» ግኝቱን ብቻ ጽፎ ያቆመ ግማሹን፣ ፅንሰ ሐሳቡን ብቻ ያብራራ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ያጣል።

መግቢያ አያስፈልግም፣ መደምደሚያ አያስፈልግም። በእንግሊዝኛ ክፍል የተማሩትን የድርሰት አጻጻፍ ይዘው የሚመጡ ጎበዝ ልጆች እዚህ ላይ ጊዜያቸውን ያቃጥላሉ። የጥያቄው ፊደል፣ ከዚያ መልሱ፤ በቃ።

ኢቢኪው

ነጥቦቹ እንዲህ ይከፋፈላሉ፦ ለአቋሙ 1፣ ለመጀመሪያው ማስረጃ 1፣ ለማብራሪያው 2፣ ከሌላ ምንጭ ለሚመጣው ሁለተኛ ማስረጃ 1፣ ለእሱም ማብራሪያ 2። ድምሩ 7።

አቋሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሊከራከሩበት የሚቻል መሆን አለበት። ጥያቄው «ከሰው ጋር መሥራት ውጤትን ያሻሽላል ወይ?» ቢሆን፣ «ከሰው ጋር መሥራት ውጤት ላይ ተጽዕኖ አለው» ማለት ጥያቄውን መድገም ነው። «የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ለብቻው የሚታይ ከሆነ ከሰው ጋር መሥራት ውጤትን ያሻሽላል» ማለት አቋም ነው።

ማስረጃው ከምንጩ የተለየ ግኝት ሆኖ የምንጩ ቁጥር መጠቀስ አለበት። ማብራሪያው ደግሞ ከትምህርቱ የተወሰደ ፅንሰ ሐሳብ ይፈልጋል። በዚህ ምሳሌ ለመጀመሪያው «ሶሻል ፋሲሊቴሽን»ን (ሰው ሲያየን የለመድነውን ሥራ ይበልጥ አሻሽለን መሥራታችን)፣ ለሁለተኛው «ሶሻል ሎፊንግ»ን (በቡድን ውስጥ ድርሻችን ለብቻው ካልታየ መለገማችን) መጠቀም ይቻላል። ፅንሰ ሐሳቦቹ ሁለት የተለያዩ መሆን አለባቸው፤ አንዱን ሁለት ጊዜ በተለያየ አነጋገር የደገመ ሁለተኛውን ማብራሪያ ያጣል። ሌላው የተለመደ ስህተት ሦስቱንም ምንጮች ለመጠቀም መሞከር ነው። የሚጠየቁት ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛው እንድትመርጡ ነው የተሰጣችሁ። በ15 ደቂቃው ንባብ አቋማችሁን የሚደግፉትን ሁለቱን ምረጡ፣ የቀረውን ተዉት።

በማብራሪያው ላይ ሁለት ነጥብ የሚያስገኘው ሰንሰለቱ ነው፦ ፅንሰ ሐሳቡ ምን ይላል፣ ማስረጃው ላይ እንዴት ይታያል፣ ስለዚህ አቋሙ እንዴት ይጸናል። ሦስተኛው ቀለበት ብዙ ጊዜ ይረሳል። በመጨረሻ «ስለዚህ…» ብሎ ወደ አቋሙ የሚመለስ ዓረፍተ ነገር መጨመር ልማድ ይሁንላችሁ።

ስምንት ሳምንት ሲቀረው

ትምህርቱ ራሱ ትውስታ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል፤ ተማሪው ግን ማታ ማታ መጽሐፉን በማድመቂያ ቀለም ይቀባል። ማድመቅና ደጋግሞ ማንበብ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣሉ፣ ዕውቀቱን ግን እምብዛም አያጸኑም። የሚያጸናው ከአእምሮ ማውጣት ነው፤ ያውም ትንሽ ከረሱ በኋላ፣ በተራራቀ ጊዜ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ ይህን የመርሳት ፍጥነት በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ አሳትሟል።

በተግባር እንዲህ ነው። ከማርች መጀመሪያ ጀምሮ በሳምንት አንድ ምዕራፍ፣ አምስት ሳምንት። ዛሬ የተጠናው ነገር በማግስቱ፣ በአራተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በሁለተኛው ሳምንት ይመለሳል። አመላለሱ ማንበብ አይደለም፤ ባዶ ወረቀት ላይ የሚታወሰውን ጽፎ፣ ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ የጎደለውን በሌላ ቀለም መሙላት ነው። በሌላ ቀለም የተጻፈው የነገው ጥናት ነው። ስድስተኛው ሳምንት ለኤኤኪው ብቻ፣ ሰባተኛው ለኢቢኪው፣ በሰዓት ተይዞ። ስምንተኛው ላይ ሙሉ ፈተና በአንድ ተቀምጦ።

ፍላሽ ካርድ ይጣል አላልንም። ፊት ለፊቱ ላይ ትርጉም ሳይሆን ሁኔታ ይጻፍበት። ፊት ለፊት፦ «አንድ ሰው ተቃራኒ ማስረጃ ቢያይም የሚደግፈውን ብቻ ይፈልጋል።» ጀርባው፦ «ኮንፈርሜሽን ባያስ።» ፈተናው የሚመጣው በዚህ አቅጣጫ ነውና። የምርጫ ጥያቄም ሲሠራ አማራጮቹን በእጅ ሸፍኖ መልሱን አስቀድሞ ማሰብ ይለመድ። የተሳሳቱት አማራጮች አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አይደሉም፤ የሌላ ጥያቄ እውነተኛ መልሶች ናቸው፣ ለዚህ ነው የሚማርኩት።

እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው ወላጆች አንድ ሥራ አለ። ልጁ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ፅንሰ ሐሳብ በአማርኛ ያስረዳችሁ። የእንግሊዝኛውን ቃል መጥራት ክልክል ይሁን። በአማርኛ ማስረዳት ካቃተው ችግሩ አማርኛው ላይሆን ይችላል፤ ቃሉን እንጂ ነገሩን አልያዘውም ማለት ሊሆን ይችላል። ሳይገባችሁ ገባን አትበሉት። «ምሳሌ ስጠኝ» በሉት።

የፈተናው ሳምንት

ፈተናው የሚሰጠው «ብሉቡክ» በሚባል መተግበሪያ በላፕቶፕ ወይም በታብሌት ነው፤ ጽሑፉም በታይፕ ነው። በወረቀት ብቻ የተለማመደ ልጅ 30 ደቂቃው ያጥረዋል፤ ልምምዱ ከመጀመሪያው በኪቦርድ ይሁን። መተግበሪያው ውስጥ የሙከራ ፈተና አለ፤ አማራጭ መሰረዣውን፣ ማድመቂያውንና ለኋላ ምልክት ማድረጊያውን እዚያ መልመድ ይቻላል። የፈተናው ዝግጅት ገጽ ከቀኑ በፊት መከፈት አለበት፤ ባትሪው የሞላ ይሁን፣ ቻርጀሩም ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ አንጎል ቀን የተማረውን ሌሊት እንደሚያደላድል የመጀመሪያው ምዕራፍ ራሱ ያስተምራል። ከፈተናው በፊት ባለችው ሌሊት የሚጨመሩ ሁለት ሰዓታት የሚያመጡት ትንሽ ነው፣ የሚወስዱት ብዙ። ለእኛ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ፋሲካችን አንዳንድ ዓመት ሜይ ላይ ይወድቃል፤ በ2027 ሜይ 2 ነው፣ ማለትም የፈተናው ወቅት ደጃፍ ላይ። ቅዳሜ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያነጋ፣ እሑድ እንግዳ ሲቀበል የዋለ ልጅ በዚያው ሳምንት 75 ጥያቄ ይጠብቀዋል። ስምንቱ ሳምንት ያን ዓመት ከማርች ሳይሆን ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ይቆጠር፤ ሙሉው የሙከራ ፈተና ከሆሳዕና በፊት ያልቅ፤ ከትንሣኤ በኋላ ያሉት ሌሊቶች ለእንቅልፍ ይተዉ።